ለልጄ፦ ስለ ብላክ ሳባት የመጨረሻ መድረክ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ሰላም ብላሻለች።

የእንግሊዙን የሄቪ ሜታል (ከባድ ሮክ) ባንድ የብላክ ሳባትን የመጨረሻ ኮንሰርት፣ የቪላ ፓርኩን፣ አይተሽ «አባዬ፣ ሽማግሌዎች ናቸው እኮ፤ እኔ የፓሪሱ ይበቃኛል» ያልሽኝን እያሰብኩበት ሰነበትኩ። ስለ ፓሪሱ ልክ ነሽ። ያኔ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሁሉም የሃያ አንድና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን አንድ ቦታ መቆም አይችልም። እኔ ግን ዓይኔን ከድራመሩ ከቢል ዋርድ ላይ መንቀል ያቅተኛል። ጃዝ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ጊታሩን ይከተለዋል፣ ይቀድመዋል፣ ቆም ብሎ ይጠብቀዋል። ጊዘር በትለር ደግሞ በቤዙ ከሥር እየተሯሯጠ ይመልስለታል። ሄቪ ሜታል ሲባል ብዙ ሰው ክብደቱን ብቻ ያስባል። የእነሱ ግን ያስጨፍራል!

ክብደቱ የመጣው ከጊታር ተጫዋቹ ከቶኒ አዮሚ ነው። በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክር ገጠመ፤ በኋላም ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ዛሬ ድረስ ስንት ባንድ ያንን ድምፅ ይኮርጃል።

አሁን ወደ ክርክራችን። ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከተለያዩ በኋላ ካቀረቡት ሁሉ የላይቭ ኤዱ ይበልጥ ነበር። በእኛ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ለወገኖቻችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ፊላደልፊያ ላይ አራቱም ተገናኝተው ሦስት ዘፈን ተጫውተዋል። ለዚህ ሁልጊዜም አመሰግናቸዋለሁ። ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ ጉልበት አላነሳቸውም። ኦዚ ከባንዱ ከተባረረ ግን ስድስት ዓመት ሆኖታል። እዩዋቸው፤ አብረው ቆመው እንኳ የሚደማመጡ አይመስሉም።

የካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) በርሚንግሃም ላይ ያደረጉት ስንብት ደግሞ ሌላ ነው። ዋርድ በውል ስላልተስማማ አልነበረም። በእሱ ቦታ የመታው ቶሚ ክሉፌቶስ ኃይለኛ ድራመር ነው፤ ምቱ አይዛነፍም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ለእኔ ግን ያ የመጠባበቅ ነገር የለውም። ሁሉም በልክ ስለሆነ ማንም ማንን አይጠብቅም።

ሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) በቪላ ፓርኩ ኮንሰርት ላይ ዋርድ ተመለሰ። አራቱ አንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ያውም ባደጉበት ሰፈር፣ አስተን ውስጥ። ኦዚ በፓርኪንሰን ምክንያት ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። አልደብቅሽም፣ ድምፁ ይንሸራተታል። ዋርድም አንዳንዴ ይዘገያል። ግን ሲዘገይ አዮሚ ይጠብቀዋል፤ በትለር ይደግፈዋል። የፓሪሱም ነገር ይኸው ነበር። ስለዚህ ከጥርቱ 2017 ይልቅ፣ ለ1970 የሚቀርበው ይህ የሚንገዳገደው ነው ብዬ አምናለሁ። አራት ዘፈን ብቻ ነበር፤ ኦዚ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆየው 17 ቀን ነው። ስሰማ አለቀስኩ።

እስቲ ለእኔ ስትይ አንድ ነገር አድርጊ። «ዋር ፒግስ» የሚለውን ዘፈናቸውን ከፓሪሱና ከቪላ ፓርኩ ኮንሰርት አውጥተሽ አከታትለሽ ስሚ። በስልክ ስፒከር አይሆንም፤ ቤዙ ይጠፋል፤ ሄድፎን አድርጊ። ጊታሩ ዝም ብሎ ኦዚ ሲዘፍን፣ ዋርድ ሃይሃቱን (የድራሙን ጥንድ ሳህኖች) ብቻ የሚመታበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ ጆሮሽን ጣይ። ከዚያ ደውዪልኝና እንከራከር።

አባትሽ