ሰኞ ለታ አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ

ይሄን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከተጋባን ዛሬ ስምንተኛ ቀናችን። ስልኬ ላይ የገባው "እንኳን ደስ ያላችሁ" ከመብዛቱ የተነሳ ለማን መልሼ ማንን እንደዘለልኩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ሁላችሁንም አንድ ላይ ላመስግናችሁ። ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ የሚረሳ ሰው አይጠፋም፤ ደሴ ላይ የተረሳ ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት ነው የሚያኮርፈው። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ሴትዮም "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጭው" ብለውኛል።

እንደምታውቁት እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ መድኃኔዓለም ሰፈር ያደግኩ። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ሙስሊም ነው። ወሎ ውስጥ ይሄ ወሬ አይሆንም፤ ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። እሱም በሃይማኖቱ፣ እኔም በሃይማኖቴ እንድንቀጥል ተነጋገርን። ማዘጋጃ ቤት ሄደን በክብር መዝገብ ሹም ፊት ልንጋባ ወሰንን። ለሰው ሁሉ "ፊርማ ብቻ ነው" እያልኩ ነበር የማወራው። ቀሚሴን እንኳ ያሰፋሁት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያቺን "ብቻ" ዛሬ አንስቻለሁ።

በመጀመሪያ የአጎቴን ልጅ ላመስግን። ሕግ ተምሯል፣ እኛ ግን ቤት ውስጥ ሰምተነው አናውቅም። "ዛሬ ሄዳችሁ ነገ አትፈርሙም" ብሎ የጎተጎተን እሱ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ተጋቢዎች አስቀድመው ለክብር መዝገብ ሹሙ እንዲያሳውቁ ይላል። ሊጋቡ ያሰቡት ሰዎች ማንነት ለሕዝብ ይነገራል፤ መቃወሚያ ያለው እንዲያቀርብ ነው። ስማችን የተለጠፈ ቀን አክስቴ ሄዳ ፎቶ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ላከችው። የሠርግ ካርድ አላሳተምንም ነበር፤ እሱው ካርድ ሆኖ ቀረ። የተቃወመ የለም። አንዲት የባለቤቴ አክስት "ልጅቷ ቀጫጫ ናት" ብለዋል አሉ፤ እሱ በጽሑፍ አልቀረበም።

ሰኞ ለታ ጠዋት እህቴ ባትኖር ኖሮ ከቤትም አንወጣም። መታወቂያችንን፣ ጉርድ ፎቶውን፣ ኦርጅናሉን ከነኮፒው፣ የምስክሮቹን መታወቂያ ሳይቀር በአንድ ማህደር ይዛ እንደ ባንክ ጥበቃ በር ላይ ቆማለች። እኔ ያን ሰዓት የምፈልገው የጆሮ ጌጤን ነበር። ለማግባት የምትዘጋጁ ካላችሁ እንደዚህ ያለ ሰው አንድ ፈልጉ። ከሚዜ ይበልጣል።

ምስክር ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ነው፤ በድምሩ አራት። የእኔዎቹ ጎረቤታችን ጋሼና የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ፣ በጊዜ ደርሰዋል። ከእሱ አንዱ ጓደኛው፣ ሌላው ከኮምቦልቻ የሚመጡት አጎቱ ናቸው። ቀጠሯችን 3 ሰዓት ተኩል ነው። ልክ በ3 ሰዓት ስልክ ጮኸ። አጎቱ ናቸው።

"ሐረጎ ላይ ቆመናል" አሉ።

ተሳቢ መኪና መታጠፊያው ላይ ተገትሮ መንገዱን ዘግቶታል። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያቺ ጠመዝማዛ ስትዘጋ ግን አዲስ አበባ ይቀርባል። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳ ግድግዳ ማየት ጀመረ። በዚያ ላይ መብራት ጠፋ። እንደ ሞኝ አለቀስኩ፣ እህቴ ደግሞ በማህደሩ እያራገበች "ኩልሽ! ኩልሽ!" ትለኛለች።

እዚህ ላይ ማመስገን ያለብኝ ብዙ ሰው ነው። ከኛ ቀጥሎ ተራ ይዘው የነበሩት የማናውቃቸው ተጋቢዎች "እኛ እንግባ፣ እናንተ ሰው ፈልጉ" ብለው ቦታ ቀየሩን። ልጅቷ ሶፍት ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ይሄን ካነበብሽ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሶፍትሽን ጨርሼዋለሁ።

ፎቶ አንሺያችን ደግሞ "እኔ ልፈርምላቸው?" ብሎ ተነሳ። የክብር መዝገብ ሹሟ "ልጁን ታውቀዋለህ?" አለችው። "ዛሬ ጠዋት ተዋወቅን" አላት። "ተቀመጥ ወንድሜ" አለችው። ሳቅን፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። እኔ ምስክር ማለት የሚፈርም እጅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምስክሩ ይምላል። ሁለታችንም ዕድሜያችን 18 እንደሞላ፣ ሌላ ትዳር እንደሌለን፣ ጋብቻ የሚከለክል ዝምድና እንደሌለን፣ ሕጉ የሚጠይቀው እንደተሟላ አፉን ሞልቶ መናገር አለበት። ዋሽቶ ከተገኘ በሕግ ይጠየቃል።

ያኔ ነው ባለቤቴ "እማ!" ያለው። ደሴ ሲሠራ አራት ዓመት የተከራየባቸው ሴትዮ ናቸው። የሚኖሩት ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ስልክ አይዙም። ታናሽ ወንድሙ ወጥቶ በር ላይ የቆመውን ባለ ባጃጅ ለመነው። ባለ ባጃጁ ምንም ሳይጠይቅ አስነሳ። ቤታቸው ሲደርሱ የሉም፤ ቀኑ ሰኞ ነው፣ ገበያ ወጥተዋል። ሰኞ ገበያ በሰኞ ቀን ሰው ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ወንድሙ በርበሬ ተራ ገብቶ "እማ!" ብሎ ሲጣራ ግማሹ ገበያ ዞረበት።

እሳቸውን ግን አገኛቸው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እማ በርበሬ የሞላ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ገቡ። ባለ ባጃጁ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ታርጋህን እህቴ ይዛዋለች፣ አታመልጠንም።

እህቴ "መታወቂያ!" አለች፤ ልባችን ቆመ። እማ ቀሚሳቸውን ገለብ አድርገው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። አንድ ቋጠሮ፣ ብር ወጣ። ሁለተኛ ቋጠሮ፣ ቁልፍ። ሦስተኛው ላይ በላስቲክ ሦስት ጊዜ የተጠቀለለች የቀበሌ መታወቂያቸው። "ይች ናት?" አሉ። ሹሟ በመስኮቱ ብርሃን አየቻት። ጊዜዋ አላለፈም። ጋሼ ከኋላዬ "ተመስገን" ሲሉ ሰማኋቸው።

ሹሟን በጣም ነው የማመሰግናት። መብራት የለም፣ ሰው ተሰልፏል፣ እሷ ግን ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ በሩ ክፍት ይሁን ብላ፣ ቀስ ብላ ነገረችን። መሐላው ምን ማለት እንደሆነ፣ ሐሰት ከሆነ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም ሳንምል በፊት አስረዳች። ሦስቱ ምስክሮች ማሉ። እማ ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት።

"ቆይ ልጄ" አሏት ሹሟን። "የማላውቀውን አልምልም።"

ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ከኔ ቤት ከወጣህ ሁለት ዓመትህ ነው። ኮምቦልቻ ሚስት የለህም?"

"የለኝም እማ።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ እማ።"

ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ? በፍላጎትሽ ነው? ያስገደደሽ የለም?"

ይሄን ጥያቄ ሹሟ በኋላ በሥርዓቱ ጠይቃኛለች። እንደ እማ አጠያየቅ ግን የሚያስደነግጥ የለም። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው፣ ከኔ ጋር አንድም ቀን ቡና ጠጥተው የማያውቁ ሴት፣ ስለኔ ሊምሉ ነው። "በፍላጎቴ ነው እማ" አልኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። "አብሽሪ" አሉኝና እጃቸውን አንስተው ማሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሁለታችን ተስማምተን እንደምንጋባ ጮክ ብለን እንድንናገር ተጠየቅን። እሱ ተናገረ። የኔ ተራ ሲደርስ የዘንቢሉ በርበሬ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ። "ይማርሽ" አለ ቢሮው በሙሉ። ሹሟ "ማስነጠስ መልስ አይሆንም" አለችኝ። ደግሜ በደንብ ተናገርኩ። ባልና ሚስት መሆናችንን አስታወቀች። መዝገቡ ላይ ፈረምን። ፊርማዬን አይታችሁ እንዳትስቁ፤ አንደኛ ክፍል የጻፍኩት ነው የሚመስለው። እማ በጣታቸው አተሙ። መማል ከጀመርን ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን እጃችን ገባ።

ፎቶዎቹን አይታችሁ "ጉንጭሽ ላይ ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ መልሱ ይኸው። እማ እንዳተሙ ወዲያው ጉንጬን ይዘው መረቁኝ፤ የአውራ ጣታቸው ቀለም እዚያው ቀረ። ፎቶ አንሺው "በኮምፒውተር ላጠፋው?" ብሎኝ ነበር። እንዳይነካው ነግሬዋለሁ።

የባለቤቴ አጎት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ከሚኒባሱ ወርደው፣ የተዘጋውን በእግራቸው አልፈው፣ ከወዲያ በኩል ሌላ መኪና ይዘው ነው የመጡት። አዲሱ ጫማ ስለላጣቸው አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። በዚያ በካልሲ ቤት ሲገቡ "እኔን ሽራችሁ ማንን ሾማችሁ?" አሉ። እማን ስናሳያቸው እጅ ነሱ። አጎታችን፣ ለላብዎትና ለተላጠው እግርዎት ሁሉ እናመሰግናለን። ፊርማዎት ባይኖርም ድግሱ ላይ ከማንም በላይ የጨፈሩት እርስዎ ነዎት።

ስለ ድግሱ ብዙ አልልም፤ የበላ ያውቀዋል። የሰፈራችንን ሴቶች ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ሁለት በግ ነው የታረደው፣ አንዱ በሙስሊም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ድስታቸውን፣ ቢላዋቸውን፣ መክተፊያቸውን ሳይቀር ከየቤታቸው ይዘው መጥተው በጓሮ በኩል ጉልቻ ጎለቱ። የእናቴ ጓደኞች በወዲህ በኩል። እንዳይደበላለቅ የእስላሙ ድስት ክዳን ላይ ቀይ ክር ታሰረበት። አስተናጋጆቹ የየቱ ሳህን ለማን እንደሚሄድ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። አባቴ መረቁ፣ የእሱ አባት ዱዓ አደረጉ፣ "አሜን"ና "አሚን" ተደበላልቆ ጣራውን ሊያነሳው ነበር። እማ ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጡ አልሄዱም። በርበሬያቸውን ረስተውት ሄደው ማክሰኞ ጠዋት አድርሰንላቸዋል።

ከአዲስ አበባም ከዐረብ አገርም በስልክ ላለቀሳችሁልን፣ ብር ለላካችሁልን፣ ድንኳን ለተከላችሁልን፣ ወንበር ለተሸከማችሁት የሰፈር ልጆች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። አላህ ይስጥልን ይላል ባለቤቴም ከጎኔ ሆኖ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ክር የታሰረበት አንድ የድስት ክዳን እኛ ጋ ቀርቷል። ሁሉንም ጠይቀን "የኔ አይደለም" ተባልን። የማን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩን፤ ወይ ራሳችሁ መጥታችሁ ውሰዱት። ከሰዓት በኋላ ቤት ነን፣ ቡና አለ።