በስልክ ያልነገርኳችሁ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናታችንስ እንደምን አለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ የዕለት ማስታወሻ መያዝ እንደ ጀመርሽ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን «ዛሬም እንደ ትናንቱ ዋለ» ከማለት ያለፈ የምትጽፊው እንዳጣሽ ነግረሽኛል። እኔም እዚህ በመጣሁበት ዓመት ደብተር ገዝቼ ነበር። ተነሣሁ፣ ሥራ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ተኛሁ እያልኩ ጥቂት ገጾች ከሞላሁ በኋላ ሰልችቶኝ ተውኩት። ጥፋቱ የኔም ያንቺም ስንፍና አይመስለኝም። «ዛሬ ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ቀኖቹ ለሚመሳሰሉበት ሰው መልስ የለውም።

ወደ ደብተሩ የመለሰኝ ርእስ የተሰጠው ዝርዝር ነው። አንድ ምሽት ከገጹ ራስ ላይ «ስሰማቸው ቀና የምልላቸው ድምፆች» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አንድ በአንድ መደርደር ጀመርኩ። አራተኛው «በሌሊት ደረጃ የሚወጣ ሰው ኮቴ» የሚል ነበር። ይህን እንደ ጻፍኩ አባታችን ማታ ሲገባ በሩ አጠገብ ደርሶ፣ ሳያንኳኳ፣ ጥቂት ቆም ይል የነበረው ትዝ አለኝ፤ ዝርዝሩን እዚያው ትቼ ስለዚያች ቆምታ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ አባታችን ልጻፍ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ አንድ መስመር እንኳ የምጽፍ አይመስለኝም። ስለዚህ አንዱ መስመር ከያዘሽ ዝርዝሩን ለመጨረስ አትድከሚ፤ ተከትለሽው ሂጂ።

ዘዴው የቆየ ነው። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በጃፓን ቤተ መንግሥት እቴጌ ቴይሺን ታገለግል የነበረችው ሴይ ሾናጎን ልብን የሚያስደነግጡ፣ የሚያስጠሉ፣ የሚያስደስቱ ነገሮችን እየለየች በየርእሳቸው ትደረድር ነበር፤ ዝርዝሮቿም እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ርእሱን ጠበብ አድርጊው። «የምወዳቸው ነገሮች» ካልሽ ማንም ሰው የሚጽፈውን ትጽፊያለሽ፤ «ሰው ሳያየኝ ብቻ የማደርጋቸው ነገሮች» ካልሽ ግን የምትጽፊው ያንቺ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች በቀላሉ ይመጣሉና አትመኛቸው፤ እጅሽ ቆሞ ማሰብ ከጀመርሽ በኋላ የሚመጣው ይበልጣል። ዝርዝር የሰለቸሽ ዕለት ደግሞ አንድ መነሻ ጥያቄ ያዢ፦ የዛሬውን ውሎሽን ጫማሽ ቢተርከው ምን ይላል? ወይም የተቀየምሽውን ሰው «ክፉ» ወይም «ደግ» የሚል ቃል ሳታስገቢ፣ እጁንና አነጋገሩን ብቻ ሣዪው። በዚህኛው መነሻ ጽፌ ካበቃሁ በኋላ ቂሜ የቀነሰበት ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ጽፈው እንደ ተነሡ ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። አንቺም ጽፈሽ ስታበቂ ቢከፋሽ ደብተሩን አትጣይው፤ በጣም ከከበደሽ ግን ያንን ርእስ ለጊዜው ተይውና ቀለል ወዳለው ዝርዝር ተመለሺ። ደግሞ ማንም እንዳያነብብሽ ስፍራውን ጠብቂ፤ ይነበብብኛል ብሎ የሚጽፍ ሰው ደፍሮ አይጽፍም።

ባለፈው ወር «በስልክ ያልነገርኳቸው ነገሮች» የሚል ርእስ ከፈትኩ። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» እያልኩ ዘግቼው ስለ ኖርኩ ሦስት መስመር ቢሆን ነው ብዬ ነበር፤ አሥራ አንድ ሆነ። የታመምኩበት ሳምንት አለበት፤ ሥራ አጥቼ የቆየሁበትም አለበት፤ አንድ ቀን የእናታችንን ድምፅ ሰምቼ መናገር ስላቃተኝ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ የዋሸሁትም አለበት። ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፤ ለእናታችን የትኛውን እንደምታነቢላት አንቺ ታውቂያለሽ። ያንቺንም ያልተነገረ ዝርዝር እጠብቃለሁ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ