ክረምቱ ሳይጠና የድሮ መጽሔቶቻችሁን እዩ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ዝናቡ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ፣ መነንና የካቲት የተባሉትን የድሮ መጽሔቶቻችሁን ከግድግዳ አርቁ፤ ከመሬትም ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበሉ። በፌስታል አትቋጥሯቸው፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ይሻግታሉ። የሻገተውን ነጥላችሁ ጥላ ላይ አናፍሱት፤ ሲደርቅ ደጅ ወጥታችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣም፤ ቀለሙ ይለቃል።

ከሁሉ የሚብሰው ገጾቹን የያዘው የስፌት ሽቦ ነው። መሃሉን ገልጣችሁ ስታዩ በሽቦው ዙሪያ ቡናማ ቀለም ካለ፣ ዝገቱ ወረቀቱን እየበላው ነው። የሽቦውን የታጠፉ እግሮች በቀጭን ቢላ ቀስ ብላችሁ አቅንታችሁ ከጀርባው ሳቡት፤ ከዚያ በዚያው ቀዳዳ በነጭ የጥጥ ክር ስፉት። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ! ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ዋጋውንም ይገድለዋል።

ስትገዙ ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ቶሎ የሚጠፋው የመሃሉ ቅጠል ነው። እኛ ጥጉ ቢያረጅም የተሟላውን እትም፣ ሽፋኑ ካማረ ጎዶሎ እትም አስበልጠን እንመርጣለን። ቅጽና ቁጥሩን በእርሳስ በተለየ ወረቀት መዝግቡ እንጂ ሽፋኑ ላይ አትጻፉ። ለውጭ አገር ሰብሳቢ ስታስረዱም የመስከረም 1967 እትም በፈረንጆች 1974 መሆኑን ግለጹ።