ቤትሽን ጥለሽ እንዳትወጪ

አንቺዬ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ አልደወልኩልሽም። መጀመሪያ አንድ ቀን ስልክሽን ሳላነሳ ቀረሁ። ከዚያ አፈርኩ። እያደር ደግሞ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

ባለፈው እሁድ ክርስትና ላይ አንዷ ወዳጃችን ጠጋ አለችና «ከባሏ ተለይታ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወርዳ ነው አሉ የምትተኛው» አለችኝ። ስላንቺ መሆኑ ነው። የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔም ወርጄ ነበራ! የጠፋሁብሽ ያኔ ነው። አሁን እኔና ባሌ ተፋተናል። ከልጄ ጋር እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ተከራይተን አለን።

እኔን ያሉኝን ሁሉ አንቺንም እያሉሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «ቤትሽን ጥለሽ እንዳትወጪ! ከወጣሽ ባዶ እጅሽን ነው የምትቀሪው።» ፀጉር ቤት አሉኝ፣ የእቁብ ሴቶች አሉኝ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ እየደወለች አለችኝ። እማዬ ከመሬት ተነስታ አይደለም። እሷ ያገባችበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳርን ቤት ትቶ፣ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት መቅረትን ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች ይቆጥረው ነበር። ጥፋተኛ የተባለውም በንብረት ክፍፍሉ ይጎዳ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያንን ዝርዝር አስቀርቶታል። እንዲያውም ዳኛው ከሁለት አንዳቸው ቤቱን ይልቀቁ ሲል የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን እንዲያይ ያዘዋል። ይሄን ብነግራት «ወረቀት ነው» ብላ ዘጋችኝ።

እኔም ፈርቼ ስምንት ወር ቤዝመንት ከረምኩ። ሲብስብኝ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ለአንድ ሰዓት 300 ዶላር! ገና ሳልቀመጥ «ከወጣሁ ቤቱን አጣለሁ?» አልኳት። እሷ ግን «ከመቼ ጀምሮ ነው የተለያያችሁት? ቀኑን ንገሪኝ» አለችኝ። ቀን የለኝማ። ሰው ትዳሩ የሞተበትን ቀን በምን ያውቀዋል?

ለካ ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ነገር የሚንጠለጠለው እዚያ ቀን ላይ ነው። ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ለመፋታት ተለያይቶ አንድ ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና በጽሑፍ ከተስማሙ ስድስት ወር ይበቃል። የጋራ ንብረት የሚባለውም በአብዛኛው እስከዚያ ቀን ያፈሩት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ሆኖም መለያየት ይቻላል፣ ማስረዳቱ ነው ፈተናው። እኛ ፍሪጁን ሳይቀር በመደርደሪያ ተካፍለን ነበር፤ ከላይ የሱ፣ ከታች የኔ። አንድ ማታ የሱ ሽሮ ክዳኑ ተከፍቶ ሲደርቅ አየሁና ሳላስበው ከደንኩለት። ለጠበቃዋ ስነግራት ሳቀች። «እሱ አይቆጠርም» አለችኝ።

ጥሎ መሄድ የሚሉትስ? አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዛሬም የፍቺ ምክንያት ነው። ግን በር ከፍቶ መውጣት ብቻውን ጥሎ መሄድ አይባልም። የወጣው ሰው ያለ በቂ ምክንያት፣ ትዳሩን ለመተው አስቦ መውጣት አለበት። ተስማምተው ከተለያዩ ጥሎ መሄድ የለም። ተደብድባ የወጣችም አልጣለችም። እንዲያውም ሕጉ ጥሎ ሄደ የሚለው እንድትወጣ ያደረጋትን ሊሆን ይችላል። ጥፋተኛ መባል በቀለብና በክፍፍል ሊጎዳሽ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ቤቱ ላይ ያለሽ ድርሻ ግን ስለወጣሽ ብቻ አይጠፋም።

እኔ የተቃጠልኩት በሌላ ነው። ተፈራርመን፣ በስምምነት ወጥቼ፣ ዘጠነኛው ወር ላይ ፋሲካ ደረሰ። ሽማግሌዎች መጡ። «ለበዓሉ እንኳን» አሉኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተመለስኩ። ዶሮ ሠራሁ፣ ሦስት ሳምንት እንደ ድሯችን አንድ አልጋ ላይ አደርን፣ ከዚያ ያው ሆነ። እንደ ባልና ሚስት አብረን ኖረናልና ዓመቱ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ዘጠኝ ወሬ ውሃ በላው። ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፣ ሥራቸው ማስታረቅ ነው። ግን አንዳቸውም ይሄን አያውቁም። እኔም ሳልጠይቅ ሄድኩ።

አንቺ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ። ወንዙን ስትሻገሪ ሕጉ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጥሎ መሄድን ጨምሮ በጥፋት ላይ የቆሙትን የፍቺ ምክንያቶች ሰርዛለች። ስድስት ወር ተለያይቶ መኖር ይበቃል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁም ኑሯችሁ ለየብቻ ከሆነ ይቆጠራል። ገባሽ? ያ ቤዝመንት እየቆጠረልሽ ሊሆን ይችላል። «ልዩነታችን አይታረቅም» ብሎ ማመልከትም አለ፣ እሱ ወር መቁጠር አይፈልግም። ዳኛው ንብረት ሲያካፍል ግን ምን አለያያችሁ የሚለውን አሁንም ያያል። ልጆቹም የት የት እንደሚያድሩ በጽሑፍ ሳትይዢ አትውጪ። ወራት ካለፉ «እኔ ጋ ለምደዋል እኮ» ይልሻል፣ ዳኛም ይሰማዋል።

እጁን ካነሳብሽ ግን ይሄን ሁሉ እርሺው። የዚያኑ ቀን ውጪ። የጥበቃ ትዕዛዝ የሚሰጥ ዳኛ እሱን ከቤት ሊያስወጣው ይችላል።

እስከዚያው የወረድሽበትን ቀን አስታውሰሽ አንድ ቦታ ጻፊው። ሕግ የማውቀው በራሴ ከደረሰው ነው፣ ስለዚህ ጠበቃም እንፈልጋለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አልገባም። ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ። የቤዝመንቱ በር በጓሮ በኩል ነበር አይደል?

ያቺው የጠፋችው