ማታ የት እንደምታድር ሰው ይወቅ

የኔ ጌታ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት ይኸው መሰላል ላይ ካልወጣሁ እያለ ነው። ትላንት አክስትህ ደውላ ብዙ ካወራን በኋላ ልትዘጋው ስትል ነው የነገረችኝ፣ ሩምሜትህ ከወጣ ወዲህ ኪራዩ ከብዶህ ቤቱን እንደለቀቅክ፣ ከሺፍት ስትወጣም እዛው ፓርኪንግ ላይ መኪናህ ውስጥ እንደምታድር። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። መሥራትህ፣ ራስህን ልቻል ማለትህ ያኮራኛል፣ እሱን አልነካብህም። ግን አንድ ነገር ስማኝ፣ ማታ የት እንደምታድር ሰው ይወቅ። እኔ ባልሆን እንኳን አንድ ሰው ይወቅ።

ማርቲኖቹ፣ አባትህ ምሰሶ ላይ በሰቀለላቸው ቅል ውስጥ የሚፈለፍሉት ወፎች፣ ዘንድሮም ቅሎቹን ሞልተዋቸዋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ አባትህ አዳዲስ ቅል ጨምሮበታል፣ እባብ እንዳይወጣ ምሰሶው ላይ የሚገባውን ቆርቆሮም ቀይሮታል። ጎረቤታችን ሽማግሌው የነገሩን ትዝ ይልሃል አይደል፣ ጥንት ቾክታውና ቺካሳው የሚባሉት ነባር የአገሩ ሰዎች ቅል እየሰቀሉላቸው ነው አሉ ከሰው ያላመዷቸው፣ አሁን ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል ሰው ካልሰቀለላቸው ቤት ውጪ አይፈለፍሉም። እኔ ያደግኩት ቅል ወተት ሲናጥበት እያየሁ ነው፣ እዚህ አገር መጥቼ የወፍ ቤት ሆኖ ሳየው ደስ ያለኝን ደስታ ላንተ ነግሬህ አላውቅም።

አሁን ጁን ነው፣ ጫጩቶቹ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ከተፈለፈሉ ወር ገደማ ሲሞላቸው አንገታቸውን ከቅሉ አፍ አውጥተው ይጮሃሉ፣ እናቲቱ ያቺን ኩሬ ላይ የምትበረውን ድራገንፍላይ የሚሏትን ነፍሳት ባፏ ይዛ ትመጣና ፊት ለፊታቸው እየበረረች ታሳያቸዋለች። ከትላንት ወዲያ አንዱ ሲወጣ አየሁት። ገና ክንፉን እንደዘረጋ የሌላ ቤት ማርቲኖች ተረባርበው አሳደዱት፣ ወዲያው እናትና አባቱ ግራና ቀኝ ሆነው ራቅ ወዳለው የደረቀ ዛፍ ወሰዱት። እዛ ላይ ተቀምጦ ክንፉን እያርገበገበ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እነሱ ደግሞ በድምፁ ከሌላው ልጅ ለይተው እያመላለሱ ያጎርሱታል። ወጣ ብለው አይተዉትም ልጄ። ሳምንት አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ ቤተሰቡ አብሮ ነው የሚውለው።

ማታ ላይ ነው ነገሩ። አንዳንዱ ቤተሰብ ሊመሽ ሲል ልጆቹን ይዞ ተመልሶ እዛው ቅል ውስጥ ያድራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም ሌላ ቦታ ያድራል። ትላንት ማታ አራት ሆነው አንድ ቅል ውስጥ ሲጋፉ ነበር፣ የመጨረሻው ቦታ አጥቶ ጅራቱ ውጪ ቀርቶ ሲታገል እዛው ቆሜ እስኪገባ ጠበቅኩት። አንዱ ደግሞ ቤት ተሳስቶ የሌላ ቅል ውስጥ ሊገባ ሲል ባለቤቷ ነክሳ አባረረችው፣ ከዛ ዞሮ ዞሮ የራሱን አገኘ። ከኛ ከዳላስ በላይ ሸርማን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻርልስ ብራውን የሚባል ሰው ገና ተማሪ ሆኖ ይሄንኑ፣ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ የሚያደርጉትን እየተከታተለ ይጽፍ ነበር። እንዳንተ ወጣት ነበር። አባትህ ለዚህ ነው ወፎቹ ጨርሰው እስኪሄዱ ቅሎቹን አላወርድም የሚለው፣ የወጣው ሁሉ ሄደ ማለት አይደለም፣ ለማደር ይመለሳሉ።

ጉጉቱን ደግሞ አትርሳ። ያኔ ሌሊት መጥቶ ቅሉን ሲያንቀጠቅጠው አባትህ ፓውዛ ይዞ የወጣ ጊዜ አንተም ነቅተህ ነበር። ለብቻው ተለይቶ ላደረ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ ነው እምልህ፣ ማታ የት እንደምታድር ሰው ይወቅ።

አውቃለሁ ምን እንደምትለኝ፣ እማዬ ማርቲኖቹም እኮ ፓርኪንግ ላይ ያድራሉ ትላለህ። እውነት ነው። ልጆቹ ከጠነከሩ በኋላ ቤተሰቡ ይበተንና ከየሰፈሩ ተሰብስበው በብዛት አንድ ላይ ያድራሉ፣ አንተ ያለህበት እንኳን፣ ሂዩስተን አጠገብ ስታፎርድ ሾፒንግ ሴንተሩ ግቢ ያሉት ዛፎች ላይ ለዓመታት ሲያድሩ ሰው ወንበር ይዞ እየሄደ ያያቸው ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ሌክ መሪ ሐይቅ ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ደግሞ በመቶ ሺዎች ነው የሚያድሩት፣ ጎህ ሲቀድ በአንዴ ሲነሱ የአየር ሁኔታ ራዳሩ ላይ ቀለበት ሆነው እየሰፉ ይታያሉ። ከዛ ነው ተነስተው ብራዚል የሚሄዱት። እና አዎ ፓርኪንግ ላይ ያድራሉ፣ ግን ዛፉ ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው። ጭልፊት ቢመጣ ከዛ ሁሉ መሀል አንዱ ይጮሃል። አንተ ማን አለህ ጎንህ? የመኪናህን መስታወት የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

አጎትህን በፎቶ ነው የምታውቀው፣ ሳሎን ያለው ባለ ጋቢው። ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ነው፣ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ታላቄ ነው። ከደሴ በጭነት መኪና አሰብ ወረደ፣ ወደብ ላይ ሸክም ልሠራ ብሎ። አንድ ደብዳቤ ላከልን፣ ደህና ነኝ ከልጆች ጋር ነው የማድረው አትስጉ የሚል፣ የልጆቹ ስም የለበት የሰፈሩ ስም የለበት። ከዛ ጠፋ። እናቴ ኮምቦልቻ እየወረደች ከአሰብ የሚመጡትን ሹፌሮች አንድ በአንድ ትጠይቅ ነበር፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ፣ ልጄን አይታችኋል አይደለም የምትላቸው፣ ልጄ የት ነው የሚያድረው ነው የምትላቸው። ሹፌሮቹ ያዝኑላታል፣ አንዳንዱ እጠይቃለሁ እማማ ይላታል። በኋላ አንዱ ጋቢውን ይዞ መጣ። ጋቢው ብቻ ነው የመጣው። ወባ ነው አሉ፣ ለሊት ትኩሳቱ ሲነሳበት ለብቻው አንድ መጋዘን ጥግ ነበር፣ እዛ ማደሩን የሚያውቅ ስላልነበረ ከሥራ ሲቀር እንኳን የፈለገው ሰው የለም። እናቴ ጋቢውን አላጠበችውም። እስክትሞት ድረስ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ፣ መሞቱንስ ሰማሁ፣ የት የት ሲያድር እንደነበር ግን የሚነግረኝ አጣሁ ትል ነበር። እኔ ያኔ የሷ ጥያቄ አይገባኝም ነበር። ትላንት አክስትህ ስትነግረኝ ገባኝ።

ና ተመለስ አልልህም። ሥራህን ልቀቅ አልልህም። ዳላስና ሂዩስተን አራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ሩቅ አይደለህም። ግን አንተ ልጅ ስማ፣ ኩራት የሚባለውን ነገር አሁን ተወው። ዛሬውኑ አክስትህ ጋ ደውል፣ ሶፋው ያንተ ነው ብላለች፣ ሌሊት ስድስት ሰዓትም ብትመጣ በር እከፍታለሁ ብላለች፣ ባሏም እንደዛው። አላስቸግራትም ብለህ ብትቀር እቀየምሃለሁ፣ እውነቴን ነው የምልህ። ቤት እስክታገኝ ነው። አባትህ የዲፖዚቱን ብር ዓርብ ደሞዝ ሲገባ በስልክ በዜል እልክለታለሁ ብሏል፣ ለራሱ እንዳትነግረው እንጂ ከኔ ይበልጥ የተጨነቀው እሱ ነው።

ዛሬ ግድ ሆኖ መኪና ውስጥ ካደርክ ጋራዥ ወይም የተዘጋ ቦታ ውስጥ ሞተር አስነስተህ እንዳትተኛ፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ተኝተህ አትነሳም። ቀን ደግሞ መስታወት ዘግተህ እንዳትተኛ፣ የቴክሳስን ሙቀት ታውቀዋለህ። ውሃ ያዝ። ስልክህ ቻርጅ ሳይኖረው አትተኛ። ሎኬሽንህን ለአክስትህና ለኔ ሼር አድርግ፣ አጥፍተኸው ነበር መልሰህ አብራው።

ቅዳሜ የሰፈራችን ልጆች ለሰርግ ወደ ሂዩስተን ይወርዳሉ፣ ሽሮና በርበሬ እልክልሃለሁ፣ ቋንጣውም ደርቋል፣ ከአክስትህ ቤት ሄደህ ውሰድ፣ እዛ ነው የማስቀምጥልህ። ጁላይ ሲገባ ደግሞ አንድ ቀን ሳይመሽ አክስትህን ይዘሃት ማርቲኖቹን እዩ፣ ማደሪያቸውን አንዳንዴ ስለሚቀይሩ መጀመሪያ ጠይቅ፣ ኮፍያ አድርጉ ከላይ ይጥሉባችኋል።

ይሄን እንዳነበብክ ዛሬ ማታ የት እንደምታድር ቴክስት አድርግልኝ። የቤቱን ቁጥርና መንገዱን ጨምረህ ጻፈው።

እናትህ