ከመኪና መስኮት የማይታየው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ትንንሽ የገጠር ከተሞችን በመኪና እየዞሩ ስለሚያጠኑበት አሠራር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤአለሁ። በዚሁ ሙያ የምሠራ በመሆኔ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከመኪና መስኮት የከተማ ታሪክ አይታይም።

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት የምትገኘውን የፕሪንስቪልን ከተማ እንውሰድ። በመኪና የሚያልፋት ባለሙያ ባዶ ቦታዎችን፣ ከመሬት ከፍ ተደርገው የተሠሩ ቤቶችንና የወንዙን ጎርፍ መከላከያ ግድብ አይቶ፣ በማስታወሻው ላይ «ለጎርፍ የተጋለጠች፣ ነዋሪዋ የሳሳ» ብሎ ቢጽፍ አልተሳሳተም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1865 ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በታር ወንዝ ዳር «የነፃነት ኮረብታ» ብለው የሰፈሩባት (ስሟ ኮረብታ ይሁን እንጂ መሬቷ ረባዳ ነው)፣ በ1885 ሕጋዊ ከተማ ያደረጓት፣ ሌላው ሰው ያልፈለገው መሬት ስለነበረ መሆኑን መስኮቱ አያሳይም። በ1999 ፍሎይድ የተባለው አውሎ ነፋስ ባስከተለው ጎርፍ ከሰጠመች በኋላ መንግሥት ቤቶቹን ገዝቶ ነዋሪውን ለማዛወር ሐሳብ ሲያቀርብ የከተማዋ ምክር ቤት ግድቡ ታድሶ እዚያው መኖርን የመረጠውም፣ በ2016 ጎርፉ ቢመለስም ብዙዎች መሬታቸውን ያልተዉትም በዚሁ ታሪክ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጉብኝቱ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን ከሹፌሩ ጎን የአገሩ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ መኪናውም ግድቡ ዘንድ ይቁምና ባለሙያው ወርዶ በእግሩ ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፕላን ባለሙያ