የሁለት ፕሮግራም ውል በእጅ አይገልበጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ ጋዜጣችሁን ታክሲ ተራ ጋር እየገዛሁ አነባለሁ። ስለ ቴክኖሎጂ ስታወጡ ብዙ ጊዜ ስለ አፕ ነው፣ ስለ ስልክ ነው፣ አሁን አሁን ደሞ ስለ ኤአይ። ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ፕሮግራም ከሌላው ጋር በምን ውል እንደሚነጋገር ማንም ሲያነሳ አላየሁም፣ የሰው ብር የሚጠፋው ደሞ ብዙ ጊዜ እዛ ጋር ነው። እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ከዛ የምጠይቀውን እጠይቃለሁ።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላለ አንድ ወፍጮ ቤት እኔና ጓደኛዬ ሲስተም ሰራን። ሚዛኑ ዲጂታል ነው፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ሚዛኑን የሚያነበውን ፕሮግራም ጓደኛዬ ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው፣ ደረሰኝ የሚያወጣውን እኔ ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ ጻፍኩት። ሁለቱ ለየብቻ የሚሰሩ ፕሮሰሶች (በስራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሜሞሪ ማየት አይችልም፣ ስለዚ በሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራሞች በሚገናኙበት መስመር፣ ባይት (የኮምፒውተር ዳታ የሚቆጠርበት ትንሽ ክፍል) ይላላካሉ። የደንበኛ ቁጥር 4 ባይት፣ የእህል አይነት 1 ባይት፣ ክብደት በግራም 4 ባይት፣ ዋጋ በሳንቲም 4 ባይት። ይሄን ወረቀት ላይ ጻፍነውና እሱ በሱ ቋንቋ እኔ በኔ ቋንቋ በእጃችን ኮድ አደረግነው፣ በቃ።

የመጀመሪያው ቀን 25 ኪሎ ጤፍ ተመዘነና ስክሪኑ -1,476,395,008 ግራም አለ። ለካ የሲ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው የሚቀይረው መሳሪያ፣ ባለ 4 ባይቱ ክብደት ለ4 በሚካፈል ቦታ እንዲጀምርለት ከእህል አይነቱ ቀጥሎ 3 ባዶ ባይት ይጨምራል፣ የኔ ፓይተን ደሞ ያለ ክፍተት ነው የሚያነበው፣ ስለዚ ሶስቱን ዜሮ ከክብደቱ የመጀመሪያ ባይት ጋር አንድ ላይ ቁጥር አድርጎ አነበባቸው። እንዲ አይነቱ ስህተት ራሱ ስለሚጮህ ወዲያው ይገኛል፣ እኛም ሳይመሽ አስተካከልነው።

የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ጓደኛዬ ኮዱን ሲያጸዳ ዋጋውን ከክብደቱ በፊት አደረገው፣ በስልክ ነግሮኛል፣ እኔ ደሞ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እሺ ብዬ ረሳሁት። ሁለቱም 4 ባይት ቁጥር ስለሆኑ የሱም ፕሮግራም የኔም ፕሮግራም ምንም ኤረር አላወጡም። የማስፈጫ ሂሳቡ በኪሎ 8 ብር ነበር፣ ስለዚ 25 ኪሎ ማለት 25,000 ግራም እና 20,000 ሳንቲም፣ ቦታ ሲቀያየሩ ደረሰኙ 20 ኪሎ እና 250 ብር ብሎ ወጣ። አያችሁ፣ ማንም የሚጠረጥረው ቁጥር አይደለም! ለሁለት ቀን ሙሉ ከእያንዳንዱ ሰው ኪሎውን ከአምስት አንድ ቀንሶ በየኪሎው ደሞ 2 ብር ጨምሮ ሲያስከፍል ዋለ። የነገሩን አንዲት እናት ናቸው፣ "ልጄ እኔ እኮ ቤቴ መዝኜ ነው ያመጣሁት፣ 25 ነው" አሉ። ባለ ወፍጮው ደረሰኝ ይዞ ለመጣ ሁሉ መለሰ፣ ያልመጣውን ሰው ግን ከየት ታገኘዋለህ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለታችንም ቁጥር መጻፍ አልጠፋብንም፣ ጥፋቱ ውሉ ሁለት ቦታ መጻፉ ነበር። ቤት ስትከራዩ ውሉ አንድ ጊዜ ይጻፍና ኮፒው ለሁለታችሁም ይሰጣል አይደል፣ አከራይ ለብቻው ተከራይ ለብቻው ከጭንቅላቱ አይጽፍም። ለፕሮግራምም ይሄው አለ፣ የኢንተርፌስ መግለጫ ይባላል። አንድ ፋይል ላይ ምን አይነት መልእክት እንዳለ፣ በውስጡ ምን ምን እንዳለ፣ ምን ጥያቄ ሲቀርብ ምን መልስ እንደሚመለስ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ አንድ መሳሪያ ያንን ፋይል አንብቦ ለሲ የሲ ኮድ፣ ለፓይተን የፓይተን ኮድ ያወጣል። በጠያቂው በኩል ተራ ፈንክሽን (አንድ ስራ የሚሰራ የኮድ ክፍል) የምትጠሩ ነው የሚመስላችሁ፣ ባይቱን የሚደረድረው የወጣው ኮድ ነው፣ በመላሹ በኩል ደሞ ባይቱን ፈትቶ የናንተን ፈንክሽን ይጠራላችኋል። ክፍተት፣ የባይት ቅደም ተከተል፣ ርዝመት፣ እነዚህን ሰው አይነካቸውም።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድሪው ቢረልና ብሩስ ኔልሰን የሚባሉ ዜሮክስ ፓርክ የሚባል የምርምር ማዕከል ሰዎች ስለ ርቀት ጥሪ፣ ማለትም አንዱ ፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈንክሽን ስለሚጠራበት መንገድ፣ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ ያኔም ይሄን ኮድ ከኢንተርፌሱ አንብቦ የሚያወጣ ሉፓይን የሚባል መሳሪያ ነበራቸው። በየኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክም በዚህ ነው የሚሰራው፣ አፖቹ በየራሳቸው ፕሮሰስ ውስጥ ናቸው፣ ባይንደር በሚባል የአንድሮይድ መገናኛ በኩል ይጠራራሉ፣ የመጠራሪያው ኮድ ኤአይዲኤል ከሚባል መግለጫ ይወጣል። እኛ አሁን የምንጠቀመው ፕሮቶኮል በፈርስ የሚባለውን የመግለጫ መሳሪያ ነው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለህዝብ የለቀቀው። እሱ ላይ እያንዳንዱ ፊልድ፣ ማለትም መልእክቱ ውስጥ ያለ አንድ መረጃ፣ ቁጥር አለው፣ ክብደት 3 ከሆነ 3 ነው፣ ጓደኛዬ መስመሩን ወደ ላይ ቢያወጣው ወደ ታች ቢያወርደው ባይቱ ላይ የሚሄደው 3 ነው፣ ያቺ የሁለት ቀን ስህተት ባልተፈጠረች ነበር። አንድ ፊልድ ሲቀር ደሞ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፣ የተያዘ ነው ተብሎ ይጻፍበታል፣ አለበለዚያ የድሮው ፕሮግራም አዲሱን ነገር በድሮው ትርጉም ያነበዋል። ሁሉም መግለጫ ግን እንዲ አይደለም፣ በኤአይዲኤል የፈንክሽኖቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከተጻፉበት ተራ ነው የሚመጣው፣ መሀል ላይ አንድ ብትጨምሩ የታችኞቹ ሁሉ ይገፋሉ፣ ስለዚ የሁለቱም ወገን ኮድ ከአንድ ፋይል መውጣት አለበት።

ለአማርኛ ደሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ይሄ በተለይ እኛን ይመለከታል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይር ደንብ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ወለተማርያም 7 ፊደል ነው፣ 21 ባይት ማለት ነው፣ በእጁ ኮድ የሚጽፍ ሰው ለስም 20 ባይት ይበቃል ካለ መጨረሻ ላይ ያለችው ም ግማሽ ላይ ተቆርጣ ደረሰኙ ላይ ባዶ ሳጥን ሆና ትወጣለች። በፕሮቶኮል በፈርስ ግን ጽሁፍ ከርዝመቱ ጋር ነው የሚላከው፣ ስም አይቆረጥም። የሰው ስም ማበላሸት ቀላል ነገር አይደለም።

አይ ይሄ ሁሉንም ይፈታል እያልኩ አይደለም። መግለጫው ዓመት የሚለውን ቁጥር ነው ብሎ ያውቃል፣ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አያውቅም፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 ይሁን 8 አያውቅም። ይሄን ሰው ነው መጻፍ ያለበት፣ የፊልዱ ስም ላይ ግልጽ አድርጎ፣ ከስሩም በአማርኛ ማብራሪያ አድርጎ፣ ስሞቹ በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው እንጂ ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው።

አንድ የማከብረው ትልቅ ልጅ "ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ የሚወጣውም ኮድ አስቀያሚ ነው፣ አይነበብም" አለኝ። አስቀያሚነቱ እውነት ነው፣ ግን እንዲነበብ አይደለም የወጣው፣ የሚነበበው መግለጫው ነው፣ የኛው አንድ ገጽ አይሞላም። የወጣውን ኮድ በእጅ መነካካትም አያስፈልግም፣ እኛ ጋር የነበረ ተለማማጅ አስተካከልኩት ብሎ ውሎ በማግስቱ እንደገና ሲወጣ ስራው ሁሉ ጠፍቷል። ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ መሳሪያውን አንዴ ካወረዳችሁት ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ይሰራል፣ እኛ ሰፈር ያለ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ነን የሚለው ደሞ ነገ አንዱ ሌላ ስራ ያገኛል፣ ከዛስ?

ስለዚ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። ፕሮግራም የምታሰሩ ሰዎች፣ ወፍጮ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቁጠባ ማህበር፣ ስራውን ስትረከቡ የኢንተርፌስ መግለጫውን ፋይል አብራችሁ ተረከቡ፣ ውላችሁ ላይም አስገቡት፣ እሱ ካለ ሌላ ባለሙያ ነገ መጥቶ አዲስ ነገር ሊያገናኝላችሁ ይችላል፣ ከሌለ ከሰሪው እጅ አትወጡም። ኮዲንግ የምታስተምሩ ደሞ ተማሪው ሁለተኛውን ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት መግለጫ እንዲጽፍ አድርጉት፣ ከሶኬት ትምህርት ጋር በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

አዘጋጁም ቦታ ካላችሁ ስለዚህ ነገር የሚያውቁ ባለሙያዎችን ጠይቃችሁ አንድ ሰፋ ያለ ጽሁፍ ብታወጡ ደስ ይለኛል። እኛ በሚቀጥለው ሳምንት ለደንበኞች በኤስኤምኤስ ሂሳብ የሚልክ ሶስተኛ ፕሮግራም እንጨምራለን፣ በጃቫ ቋንቋ ነው፣ የስልክ ቁጥሩ ፊልድ 5 ተብሎ መግለጫው ላይ ገብቷል፣ ለሶስቱም ኮዱ ትላንት ማታ ወጥቷል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ